በራስ ጄሪካን ማዘን

አለቃ ሲባል ለእናንተ ምን እንደሚታያችሁ አላውቅም። ምናልባት ሰፊ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ በር ላይ ደግሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትል ጸሐፊ ይታያችሁ ይሆናል። ለእኔ አለቃ ማለት የቦኖውን ቁልፍ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ሚኒስትር ቢቆጣኝ ቁጣው ቤታችን ድረስ አይመጣም። የቦኖው አለቃ ፊታቸውን ካዞሩብኝ ግን የዚያን ቀን እናቴ ሻይ አታፈላም፣ ብርጭቆ አይታጠብም፣ እኔም ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እውላለሁ። ስለ አመራር የሚያውቁት መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች ናቸው ቢባልም፣ ውሃ ተሰልፎ ያደገ ሰውም ትንሽ የሚለው አያጣም።

ሰልፍ ለማሰብ ይመቻል። ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። ቆሜ ደጋግሜ የማስበው አንድ ጥያቄ ነው፤ አለቃ ሆዱ ይባባ ወይስ አይባባ? እናቴ ሻይ በምትሸጥበት ጥላ ሥር ትላልቅ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ «ስሜት የሌለው መሪ ድንጋይ ነው» ይላል። ሌላው «በስሜት የሚመራ መሪ ፍሬን የሌለው አይሱዙ ነው» ይላል። ሁለቱም ያሳምኑኛል። ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ በሚያመጣው ጠመዝማዛ መንገድ ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ነን። ድንጋይም ቢሆን አይናቅም፤ እዚያው ባቢሌ አጠገብ ባለው ሸለቆ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ፣ አሁን ወደቀ ሲባል ሳይወድቅ ስንት ዘመን ቆሟል። እንግዲህ ምረጡ ብትባሉ የትኛውን ትመርጣላችሁ? የእኛ ሰፈር ሁለቱንም ሞክሯል። ከሁለቱም ደክሞታል።

ስሜ ትዕግሥት ነው። እናቴ ይህን ስም ስታወጣልኝ ለውሃ ሰልፍ ልትመድበኝ አስባ ነበር ወይ ብዬ እጠረጥራለሁ። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ ዘጠነኛ ሳልገባ አንድ ዓመት አለፈኝ። ሰንፌ አይደለም። በሒሳብ ትንሽ ሰንፌያለሁ፣ ግን የያዘኝ ሒሳብ ሳይሆን ውሃ ነው። እናቴ መናኸሪያው በር ላይ ሻይና ሳምቡሳ ትሸጣለች። ወደ ቶጎጫሌ የሚሄዱት የሚኒባስ ሾፌሮችና ረዳቶች ሻይ ሳይጠጡ ሞተር አያስነሱም፤ እናቴ ደግሞ ያለ ውሃ ሻይ የሚፈላበትን ዘዴ እስካሁን አላገኘችም። አባቴ የደምበል መስመር ሾፌር ነው። እዚያም ቤት አለው፤ ያኛው ቤት ውሃ ሳይኖረው አይቀርም፣ ወደዚህ ከመጣ ቆይቷል። ስለዚህ በቤታችን የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። እሷ ታፈላለች፣ እኔ እሰለፋለሁ።

አንድ ሌላ ችግር አለብኝ፤ ዓይናፋር ነኝ። ሰው በተሰበሰበበት ስሜ ከተጠራ ጆሮዬ ይግላል። ሰልፍ ላይ ሰው ከፊቴ ሲገባ «ኧረ ተራዬ ነው» የሚለው ቃል ከሆዴ ይነሳና ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ፣ ኬላ እንደተዘጋበት መኪና አዙሮ ይመለሳል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። ደጃዝማችነቱ ይቅርብኝ፤ እኔን የሚቆጨኝ የቀረብኝ ውሃ ነው።

ቦኖውን ድሮ የያዙት እትዬ አስካለ ነበሩ። አያታቸው በጥንት ጊዜ ወታደር ሆነው ወደዚህ አገር የመጡ ናቸው፤ መሬቱን ማን እንደወረሰው እንጃ፣ ድምፁን ግን እትዬ አስካለ ወርሰውታል። ከቦኖው ሆነው ሲጣሩ መስጊዱ ጋ ያለ ሰው ዞር ይላል። ሲቆጡ በሶማሊኛ ነው፣ ሲያዝኑ በአማርኛ። ስለዚህ ገና ከሩቅ ቋንቋውን ሰምተን የዕለቱን ሁኔታ እናውቃለን። ልጃቸው ከድሬዳዋ ደውሎላቸው ያደረ ቀን ውሃው እስከ ቀትር ይፈሳል፣ ያልደወለ ቀን ጠዋቱኑ ይቆለፋል። ሴቶቹ ጄሪካን ከማንሳታቸው በፊት አንድ ሰው ልከው «ዛሬ እንዴት ናቸው?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። ሬዲዮው ስለ ደመናና ነፋስ የሚያወራውን ማንም አይሰማም፤ የእኛ ሰፈር የአየር ትንበያ የእትዬ አስካለ ግንባር ነበር።

ደግ ናቸው። ይህን ሳልል ባልፍ ኃጢአት ነው። ሆዳቸው እንደ ቅቤ ነው፣ ሲነኩት ይቀልጣል። ችግሩ ለማቅለጥ ቀርቦ የሚነካ ሰው ያስፈልጋል። ያስለቀሳቸው ሰው አንደኛ ይቀዳል። ያሳቃቸው ሁለተኛ ይቀዳል። የተጣላቸው ሰው እንኳ ተራግሞ፣ ተረግሞ፣ መጨረሻ ላይ «ነይ ቅጂና ከዓይኔ ጥፊ» ተብሎ ሦስተኛ ይቀዳል። ዝም ያለ ሰው መጨረሻ ነው። ከአጥሩ ሥር፣ ነፋሱ የጅጅጋን አቧራ በሙሉ አምጥቶ በሚያራግፍበት ቦታ፣ እኔና ሁለቱ ጄሪካኖቼ ነበርን።

በዚህ ጥበብ ከፎዚያ የሚስተካከል አልነበረም። ፎዚያ የቦንዳ ልብስ የምትነግድ ጎረቤታችን ናት፤ አክስቷ በዚያ በጋ ደጋግማ ሞተች።

«እትዬ አስካለ፣ ምን ዓይነት ቀን ነው የመጣብኝ! ሐረር ያለችው አክስቴ አረፈች።»

«አንቺ! ባለፈው ሳምንት የሞተችውስ?»

«ያቺ የእናቴ ወገን ናት። ይቺ የአባቴ።»

«ውይ በሞትኩት! ስንት ሰው ነው የሚያልቅብሽ! ነይ ቅጂ። ያቺን ትንሿንም አምጪያት።»

ፎዚያ ቀድታ ስትሄድ እትዬ አስካለ ወደ እኛ ዞር ብለው «መዋሸቷን አጥቼው መሰላችሁ? ግን አሳምራ ነው የምትዋሸው፤ ለድካሟ ነው» ይላሉ። ሰልፉ በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

አንድ ቀን ሳቁ አለቀ። ሁለት ሴቶች «የእኔ ልቅሶ ይበልጣል» በሚል ተያያዙ፣ ጄሪካን ፈነዳ፣ ሻሽ ተቀደደ። የቀበሌው ተወካይ መጡና ከእንግዲህ ቦኖው በሠለጠነ ሰው ይመራል አሉ። የሠለጠነ ሰው ሲፈለግ አዴር ዩሱፍ ተገኙ።

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ሶማሌው ሶማሌ ያልሆነውም፣ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ከእንስሳት ሕክምና ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ግመል ሲከትቡ ኖረዋል። ግመል ላይ የሚጮህ ሰው መርፌውን ይዞ ይቀራል፤ ለዚህ ይመስለኛል ድምፃቸው ከፍም ዝቅም የማይለው። በዚያ ላይ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የአመራር ሥልጠና ወስደዋል፤ ለስላሳ ተጠጥቶበት፣ ፎቶ ተነስተውበት፣ የምስክር ወረቀቱ ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ከሥልጠናው ያመጡት ትልቁ ቃል ይህ ነበር፦ «መሪ ስሜቱን ቤቱ ትቶ ይመጣል።» እውነትም ትተውት መጡ።

አሠራራቸው ቀላል ነው። በየጄሪካኑ ላይ በቀይ ቀለም የቤቱን ቁጥር ጻፉ። ዛሬ የላይኛው መንገድ ከጀመረ ነገ የታችኛው ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ጄሪካን፣ ከዚያ በላይ የለም። የሚለምን ቢመጣ፣ የሚሳደብ ቢመጣ፣ የሚያለቅስ ቢመጣ አንድ መልስ አለ፤ «ተራሽ ይደርሳል።» በአማርኛም በሶማሊኛም ያው ድምፅ፣ ያው ፊት።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ ቁጥሬ ተጠራ፣ ቀዳሁ፣ ሁለቱም ሞሉ። ግራ ገባኝ። ከቧንቧው ፈቀቅ ብዬ ሰው መጥቶ እስኪቀማኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። አዴር ዩሱፍ «ጨርሰሻል፣ ሂጂ» አሉኝ። ቤት ስደርስ እናቴ ደንግጣ «ምነው፣ ተዘጋ እንዴ?» አለች።

በሳምንቱ ገደማ እግሯን ባሊ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ሳለ፣ ፊቷን ሳታነሳ እንዲህ አለችኝ፦

«እኚህ ሰውዬ እስከ መስከረም ከቆዩ ትመዘገቢያለሽ። ጠዋት ቀድተሽ ከሰዓት ትማሪያለሽ።»

«ካልቆዩስ?»

«ካልቆዩማ ያው ነው። ውሃና ደብተር አንድ ትከሻ ላይ አይወጡም።»

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የአዴር ዩሱፍ ደጋፊ ሆንኩ። ደጋፊ መሆኔን ግን ማንም አያውቅም። እሳቸው ራሳቸውም አያውቁም። ለዓይናፋር ሰው ፖለቲካ እንዲህ ነው፤ በሆዱ ይደግፋል፣ በሆዱ ይቃወማል።

ሰፈሩ ግን ቀስ እያለ መሰልቸት ጀመረ። ታምናላችሁ? ውሃው ለሁሉም ደረሰ፣ ፀቡ ቀረ፣ ሰዉ ግን ፊቱ አልፈታ አለ። ፎዚያ በቀን በቀን ትናደድ ነበር።

«ትናንት አክስቴ ሞተች ብላቸው ‹አላህ ይማራት፣ ተራሽ ይደርሳል› አሉኝ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ!»

«እኔን ደግሞ ሰደብኳቸው» አለች ሌላዋ። «ወላሂ ጥሩ አድርጌ ሰደብኳቸው። ሰምተው ዝም። ሰው እንዴት ሰው አይቆጣም? ቢንቁን ነው እንጂ!»

«እትዬ አስካለ እኮ ሲሳደቡ እንኳ ስምሽን ጠርተው ነው። እኚህ በቁጥር ነው የሚያውቁን።»

እውነት ነው፣ እትዬ አስካለ ሲሰድቡሽ ከነአባትሽ፣ ከነአያትሽ ነው፤ ቤትሽ ስትገቢ ሰው አየኝ ትያለሽ። ሰው ለካ ውሃ ብቻ አይደለም የሚጠማው። አንዳንዷ ጄሪካኗ ሙሉ ሆኖ፣ የሚቆጣት አጥታ፣ አኩርፋ ትሄድ ነበር። እኔ ግን ያ ናፍቆት አልነበረብኝም። እትዬ አስካለ እኔን ሰድበውኝም አያውቁም። አላዩኝማ።

ነሐሴ ላይ ጎሚስታው ጋሽ በቀለ አረፉ። የመኪና ጎማ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ። ድንኳን ተተከለ። በእኛ ሰፈር ደግሞ የቆየ ልማድ አለ፤ የለቅሶ ቤት ጄሪካን አይሰለፍም። ማንም ይሙት ማን፣ ሸሁም ይሁን ቄሱ፣ የሐዘንተኛው ቤት ውሃ ይቀድማል፤ ጥያቄም የለው። ሴቶቹ ከድንኳኑ የጄሪካን መዓት ይዘው መጡ።

አዴር ዩሱፍ ተነስተው ቆሙ። «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። «የእነሱ መንገድ ዛሬ ኋላ ነው፣ ድርሻቸውም ሁለት ጄሪካን ነው። ሌላው ውሃ የእነዚህ የቆሙት ሰዎች ነው፤ እኔ የሰው ድርሻ አንስቼ መስጠት አልችልም። ከራሱ ሁለት ጄሪካን መስጠት የሚፈልግ ካለ ግን ይስጥ፣ አልከለክልም።»

ከዚያ የተነሳው ጩኸት! «ልብ የላቸውም!» «ግመል ነው እንጂ ሰው አያውቁም!» «ሙት እንኳ ተራ ይጠብቅ?» እትዬ አስካለ፣ እንደማንም ጄሪካናቸውን ይዘው ተሰልፈው የነበሩት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ፤ ሰልፉም አብሯቸው አለቀሰ። ሁሉም አዘነ። ካዘነ በኋላ ሁሉም ተራው ሲደርስ ቀዳ፤ ቀድቶም ሁለት ሁለት ጄሪካኑን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። እኔም ጭምር።

የዚያን ዕለት፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ እናቴ ለለቅሶ ቤቱ ያዋሰችውን ብርጭቆ እንዳመጣ ላከችኝ። ሰው የበዛበት በር ስለሚያስፈራኝ በጓሮ ዞርኩ። ከድንኳኑ ጀርባ ውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል አለ። አዴር ዩሱፍ የእጅ ጋሪያቸውን ገፍተው መጡ፤ ጋሪው ላይ ሁለት ጄሪካን፣ ጄሪካኑ ላይ በቀይ ቀለም የራሳቸው ቤት ቁጥር። ሁለቱንም በርሜሉ ውስጥ ገለበጡ፤ እንዳይንቧቧ ቀስ አድርገው፣ ሌባ እንደሚሠራው። ከዚያ ባዶውን ጋሪ ይዘው ሄዱ። እኔ ከአጥሩ ጥግ ቆሜያለሁ፤ አላዩኝም። ሰው የማያየኝ መሆኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ብርጭቆዬን ይዤ ስመለስ በቤታቸው በኩል አለፍኩ። የባለቤታቸው ድምፅ ከግቢው ይሰማል።

«ሁለቱንም? ዩሱፍ፣ አንዱን እንኳ አታስቀርም? አሁን ለመግሪብ በምን እንታጠብ?»

«አፈሩ ንጹሕ ነው» አሉ አዴር ዩሱፍ፣ በዚያው ከፍም ዝቅም በማይል ድምፃቸው። ውሃ ያጣ ሰው ለሶላት በንጹሕ አፈር እንዲታጠብ ሃይማኖታቸው ይፈቅዳል፤ ይህን እኛ ሰፈር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ያን ማታ ብዙ አሰብኩ። እትዬ አስካለ የሚያዝኑት በሰው ውሃ ነበር። አዴር ዩሱፍ በራሳቸው ጄሪካን አዘኑ። የሰው ውሃ ያፈሰሰ ደግ ተባለ፤ የራሱን ያፈሰሰ ልብ የለውም ተባለ። ስሜታቸውን ቤታቸው ትተው የሚመጡት፣ ለካ ቤታቸው የሚያስቀምጡት ስሜት ስለነበራቸው ነው። ግን ይህን ማን ያውቃል? እኔ። ማን ይናገር? ይኸው ነው ጣጣው።

ከሠልስቱ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ቦኖው አጠገብ ባለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር የቀበሌው ተወካይ ጠረጴዛ አስመጥተው ተቀመጡ። ጉዳዩ አንድ ነው፤ አዴር ዩሱፍ ይቀጥሉ ወይስ ይውረዱ። አንዷ ተነስታ ልብ የላቸውም አለች። ሌላዋ ተነስታ ያንኑ በረዥሙ አለች። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ውሃውስ ደርሷችሁ የለም?» ብለው ነበር፤ «ውሃ ብቻ ምን ይሠራል!» ተባሉ። አዴር ዩሱፍ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ያንን ሁለት ጄሪካን አንስተው አንድ ቃል ቢናገሩ ሁሉ ነገር ያልቅ ነበር። አልተናገሩም። እኔ ግን በሆዴ «ተናገሩ፣ ተናገሩ» እያልኩ መስከረም እየራቀኝ ሲሄድ ይታየኛል፤ ደብተሬን፣ የደንብ ልብሱን፣ የከሰዓቱን ደወል።

«ሌላ አስተያየት ያለው?» አሉ ተወካዩ።

እጄ ተነሳ። እኔ አይደለሁም ያነሳሁት፤ ራሱ ነው የተነሳው።

«ማናት እሷ? የሻይ ሻጯ ልጅ አይደለችም?»

«ትዕግሥት ናት። እሷም አፍ አላት እንዴ!» አለች ፎዚያ፣ ሰዉም ሳቀ።

ቆምኩ። ያ ሁሉ ዓይን ዞረ። ጆሮዬ ጋለ። ዓረፍተ ነገሩን ከጠዋት ጀምሬ አዘጋጅቼዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ቃል ይዤ ወጣሁ። «አዴር ዩሱፍ...» አልኩ። ከዚያ ኬላው ተዘጋ። ወደፊትም አይሄድ፣ ወደኋላም አይመለስ። አዴር ዩሱፍን አየኋቸው፤ ከሥር ሆነው በትዕግሥት ይጠብቁኛል። በቃ። እንባዬ መጣ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው እውነት ነው፤ የስንት ዓመት ሰልፍ ይሁን የምን፣ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ አለቀስኩ።

እትዬ አስካለ ከመቀመጫቸው ተወርውረው ደረሱ። ነጠላቸው ውስጥ ከተቱኝ።

«እዩ! እዩልኝ ይቺን ምስኪን! ትንፍሽ ብላ የማታውቀውን ልጅ! ስማቸውን ስትጠራ እንኳ አንቀጠቀጣት! ምን ቢያደርጓት ነው? ኧረ የሰው ያለህ!»

ሴቶቹ ያለቅሱ ጀመር። ፎዚያ አለቀሰች፤ በዚህኛው ላይ ውሸት አልነበረበትም። እኔ ከነጠላው ውስጥ ሆኜ «አይደለም» ለማለት ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም» አሉኝ። ይበልጥ ነቀነቅሁ። ይበልጥ አለቀሱ። እጅ ይውጣ ሲባል የወጣውን እጅ ቆጥሮ መጨረስ አላስፈለገም።

አዴር ዩሱፍ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሀዬ» አሉ፤ እሺ ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ሲወጡ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም። መርፌ የፈራችን ግመል እንዴት አድርገው ያዩ እንደነበር ገባኝ።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጋሪውን፣ በርሜሉን፣ አፈሩን። ምጣዷን እያጠበች ሰማችኝ። ሲያልቅ ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«አሁን ብንናገር ማን ይሰማናል? ‹አስፈራርተዋት ነው› ነው የሚሉት። ደግሞ ቁልፉን መልሰው የተረከቡት እትዬ አስካለ መንገድ ላይ አግኝተውኝ ‹ልጅሽ ከነገ ጀምሮ አንደኛ ትቀዳለች› ብለውኛል። ደክሞኛል ልጄ። ዝም ብለሽ ተማሪ።»

እኔም ዝም አልኩ፤ እሱን እችልበታለሁ። መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ሰልፉን በሙሉ አልፌ ስሄድ እትዬ አስካለ ከላይ ሆነው ይጣራሉ፤ «ያቺን ያለቀሰችውን ልጅ አሳልፏት!» ሰዉም መንገድ ይከፍትልኛል። ስሜንም አውቀውታል አሁን፤ ሁለት ጊዜም ሰድበውኛል። ለፍትሕ ያለቀስኩት እንባ አድልዎ ገዛልኝ። ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጠውም ይባላል፤ ለምን እንዳለቀሰ የሚጠይቀው ግን የለም።

ሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ከአጥሩ ሥር፣ አቧራው በሚራገፍበት በእኔ ቦታ፣ አሁን አዴር ዩሱፍ ይቆማሉ። አይጮሁም፣ አያለቅሱም፣ አያስቁም። ስለዚህ በእትዬ አስካለ ሕግ መጨረሻ ናቸው። የጄሪካናቸው ቀይ ቁጥር ደብዝዟል። ሳምንት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው።

ትናንት ግን ቀድቼ ስመለስ እግሬ ቆመ። አንዱን ሙሉ ጄሪካን እግራቸው አጠገብ አስቀመጥኩና የእሳቸውን አንድ ባዶ አነሳሁ።

«ይሄ የኔ ነው፣ አዴር። ከድርሻዬ ነው» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ጄሪካኑን አዩት። እኔን አዩኝ። «ተራሽ ነበር?» አሉ።

ምን ልበል? «አልነበረም» አልኩ። «አልቅሼ ያገኘሁት ነው።»

አዴር ዩሱፍ ሳቁ። ያ ፊት ተሰነጠቀ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ አጥሩን ይዘው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። እትዬ አስካለ ቧንቧውን ክፍቱን ትተው ብቅ አሉ።

«ዋርያ ዩሱፍ! አንተ ሰውዬ ጥርስ ነበረህ እንዴ? ና፣ ና ወደፊት፣ ቅዳ! እኔንም አሳቅኸኝ!»

«ተራዬ ይደርሳል» አሉ አዴር ዩሱፍ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። የእኔን ጄሪካን ግን አልመለሱም። ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ደክሟቸው ነበር መሰለኝ።

ፎዚያ ጎኔን ነካች። «ሰማሽ? ይሄን የመሰለ ሳቅ በሥልጣናቸው ጊዜ የት ደብቀውት ነበር? አንድ ቀን እንዲህ ቢስቁልን ኖሮ ማን ያወርዳቸው ነበር?» ከኋላዋ ያሉትም «እውነትሽን ነው፣ ሰው ናቸው ለካ!» አሉ። ከአሁኑ መልሰን እንምረጣቸው የሚሉ አልጠፉም። ነገሩን ትሰሙታላችሁ? በጋሪ ገፍተው ያፈሰሱት ውሃ አላስመረጣቸውም፤ ሳቃቸው ሊያስመርጣቸው ነው። እኔ አንድ ጄሪካን ባዶ፣ አንድ ጄሪካን ሙሉ ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ። ለምን አነሰ ብላ አልጠየቀችኝም፤ የሳምቡሳውን መጥበሻ ሳታጥብ አሳደረችው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ክፍል ስገባ የሥነ ዜጋ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «የጥሩ መሪ ባሕርያት» ብለው ጽፈው ነበር። «ማን ይነግረኛል?» አሉ፣ የጠመኔውን አቧራ ከእጃቸው እያራገፉ። ከፊት ያሉት ልጆች እጃቸውን አወጡ። ቆራጥ፣ አሉ። ታማኝ፣ አሉ። ስሜቱን የሚቆጣጠር፣ አለ አንዱ፣ መጽሐፉን አይቶ። እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ፣ ቀሚሴ ከጎኑ ገና ሳይደርቅ፣ የምናገረውን በሆዴ አሰልፌ ጨርሼ ነበር።

እጄን ግን አላነሳሁም። ባለፈው ሳነሳ አንድ ደህና መሪ ከሥልጣን ወርዷል።